መብራት የማይፈልግ ደወል

ደሴ ላይ በር አንኳኩቶ «ቤቶች! ውሻው ታስሯል?» ብሎ ያልተጣራ ካለ ለአገሩ እንግዳ ነው። ከውስጥ «ታስሯል፣ ግባ!» የሚለው ድምፅ ውስጥ ያለው ኩራት ምስጋና ይገባዋል፤ ዛሬ ሳንሰስት እናመስግን።

ሥራው ቀላል አልነበረማ። በ1899 እ.ኤ.አ. ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል ጀርመናዊ መኮንን በግ የሚያግድ፣ ያሳዩትን ቶሎ የሚይዝ ውሻ፣ ማለትም ጀርመን ሸፐርድ የምንለውን፣ ለማውጣት ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ ተመርጦ ተዳቀለ። የኛ ሰው ይህን ሁሉ ልፋት በአንድ ሜትር ተኩል ሰንሰለት ገላገለው፤ እረኛው ደወል ሆነ። መብራት ቢጠፋም የሚሠራ፣ ማን እንደመጣ ግን የማይለይ ደወል። (በግ በሞላበት ወሎ እረኛ ማሰር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።)

ሙያው ከቡችላነት ይጀምራል። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ቡችላ ያየውን ሁሉ የሚለምድበት ጊዜ ነው፤ ሕፃኑን፣ ባጃጁን፣ ጃንጥላውን፣ ኩንታል የተሸከመውን። ጎበዝ ባለቤት ይህን ጊዜ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ሥር ያሳልፍለታል። በኋላ ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ሌባ ይሆናል። የደሴን ክረምት የሚያውቅ በሐምሌ ስንት ሌባ እንደሚያልፍ ይገምት።

ሰንሰለቱ የደረሰበትን መሬት ተጠግታችሁ እዩት። ሣር የለም፤ ግማሽ ክብ ሆኖ ተጠርጎ አውድማ መስሏል። የጀርመኑ ውሻ ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል፤ እህል የሌለበት ውቂያ። ሲሰለቸው ሰንሰለቱን ያኝካል፣ ክራንቻው ይዶለዱማል፤ ከዚያ ጭራውን ያሳድዳል፣ እግሩን ጠጉሩ እስኪያልቅ ይልሳል። ባለቤቱ «ክፉ ነው እኮ!» ይላል፣ እኛም እናጨበጭባለን። በበዓል ማግስት ደግሞ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ከነዶሮ አጥንቱ ይቀርብለታል። ሽንኩርቱ ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሳል፣ የተቀቀለው አጥንት ተሰንጥሮ አንጀቱን ይወጋል። ቸርነት እንዲህ ነው።

ይህን ድንቅ ባህል የሚያጠፉ ነገሮች ስላሉ ግን ተጠንቀቁ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለአምስት አምስት ደቂቃ፣ ጥፍር የምታህል ሥጋ ይዞ «ተቀመጥ» ማለት አደገኛ ነው፤ በተለይ ቂጡ መሬት እንደነካ ወዲያው ከተሰጠው። ከዘገየ የተሸለመው ለመነሣቱ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ደወላችሁን ማዳን ከፈለጋችሁ አዘግዩት። ዱላም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት ለቀደደው ጫማ ማታ የተመታ ውሻ የሚማረው ጌታው ሲመጣ መደበቅን ብቻ ነው። ግሩም ትምህርት!

የከፋው ባዶ ሃይላንድ ነው። ክዳኑንና ቀለበቱን አውልቆ (እንዳይውጠው)፣ ጎኑን ሦስት ቦታ አውራ ጣት በሚያስገባ ስፋት በስቶ፣ የደረቀ ዳቦ ቆራርሶ መጨመር። በአፍንጫውና በመዳፉ እያንከባለለ ሲያወጣ ይውላል፤ ላስቲኩን መብላት ሲጀምር ይነጠቃል። ይህ ሲቀልበት ዳቦውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ግቢው ውስጥ መደበቅና «ፈልግ» ማለት ነው። አፍንጫውን ያሠራ ውሻ ይደክመዋል፣ የደከመውም ማታ ይተኛል። ያን ሌሊት ከጦሳ ተራራ በኩል የሚመጣው የጅብ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ጎረቤትም ጋቢውን ተከናንቦ «ምነው፣ ውሻችሁ ሞተ እንዴ?» ሊል በር ያንኳኳል።