አሜን ብለን የዘጋነው ጥያቄ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለአስተማሪዎቻችን አይደለም። ስለ እነርሱ ብዙ ተብሏል፤ እነርሱም የሚሰሙትን መርጠው መስማት ከጀመሩ ቆይተዋል። የምጽፈው ከመድረኩ በታች ተቀምጠን ለምንሰማ፣ እጃችንን ለምናነሣና «አሜን» ለምንል ለእኛ ነው፤ በዚያ ጉባኤ የተፈጸመውን በደል አንድ ሰው ብቻውን አልፈጸመውምና።

ነገሩን የነበራችሁ ደግማችሁ ስሙት፣ ያልነበራችሁም ዕወቁት። በጠና የታመመ አንድ ወጣት ነበረ። አስተማሪው በሕዝቡ ሁሉ ፊት እጁን ጭኖ ጸለየለት። ይህ ባልከፋ ነበር፤ መጽሐፍም ለታመመ ጸልዩ ይላል። ከጸሎቱ በኋላ ግን ዐይኑን ገልጦ፣ «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል፤ ይህ ልጅ አይሞትም፤ በሚመጣው ዓመት በዚሁ መድረክ ቆሞ ይመሰክራል» አለ። እንዲድን እንለምን አላለም፤ ተስፋ አደርጋለሁም አላለም። የሕይወትና የሞት ጌታ የሆነውን አምላክ ስም ጠርቶ ቀን ቈረጠ። እኛም አጨበጨብን። ቤተሰቡ ያን ቃል እንደ ተፈጸመ ነገር ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ወጣቱም ዓመቱ ሳይሞላ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ከመድረኩ ስለ እርሱ አንድም ቃል አልተነገረም። ስሙ እንኳ ከጸሎት ርእሶች መካከል በጸጥታ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትምህርቱ ሲያበቃ «ጥያቄ ያለው ይጠይቅ» ሲባል እኅቱ ተነሣች። ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ መጥታ ስለ ነበር እያነበበች ነበር የተናገረችው፤ እጅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «አባቴ፣ ስለ ወንድሜ የተናገሩት ቃል ከእግዚአብሔር ከሆነ ለምን አልሆነም? ከእርስዎ ከሆነ ደግሞ ለምን እግዚአብሔር እንዲህ ይላል አሉ? ዘዳግም 18ን አንብቤ ግራ ስለ ገባኝ ነው የምጠይቅዎት» አለች። ይኸው ነው። አልሰደበችም፣ አልከሰሰችም፤ «እርስዎ» ብላ፣ «አባቴ» ብላ ጠየቀች።

አስተማሪው አስቀድሞ ፈገግ አለ። ብዙ ነገር ይቅር ማለት እችል ይሆናል፤ ያን ፈገግታ ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልሁም። ከዚያም «የቀባኋቸውን አትዳስሱ ይላል ቃሉ። አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ታውቂያለሽ?» አላት። እርስዋ መልስ ሳትሰጥ ፊቱን ወደ ሕዝቡ መልሶ፣ «ቃሉ እውነት ነበረ፤ ያስቀረው የቤቱ አለማመን ነው። አሜን በሉ!» አለ።

አሜን ተባለ። ከአስተናጋጆቹ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ከእጅዋ ወሰደ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች ክንድዋን ይዘው ወደ ደጅ ሸኟት፤ መዝሙርም ተጀመረ።

ልብ በሉ፣ ወገኖቼ። ሰውየው የገዛ ቃሉ ባለመፈጸሙ ሊጠየቅ ሲገባው፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሟቹን የገደሉት የገዛ እናቱና የገዛ እኅቱ እንደ ሆኑ ፈረደ፤ እኛም በፍርዱ ላይ ማኅተም አሳረፍንበት። ኀዘንተኛ ልጅ በወንድሟ ሞት ተከሳሽ ሆና ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ «ቆይ» አላለም። እኔም በዚያው ተቀምጬ ነበር፤ አሜን አላልሁም ብዬ ግን አልመጻደቅም፣ ዝምታዬም ያንኑ ሥራ ሠርቷልና።

አሁን ወደ ተጠቀሰው ቃል እንሂድ፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚያልፈው መጽሐፉን ስለማናነብ ነው። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለው ቃል በዕብራይስጡ አቈጣጠር በመዝሙር 105 ይገኛል። ከእርሱ በፊት ያሉትን ሦስት ቍጥሮች አንብቡ። የተቀቡ የተባሉት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው፤ በቍጥር ጥቂቶች፣ በምድሩ ላይ እንግዶች፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚንከራተቱ ነበሩ። ቃሉ የተነገረው ለነገሥታት ነው፤ ኃይል ያላቸው ሰዎች ኃይል የሌላቸውን እንዳይነኩ ተከለከሉ። እኛ ዘንድ ግን ድምፅ ማጉያውም፣ መድረኩም፣ ሕዝቡም የእርሱ የሆነ ሰው፣ ወረቀት ብቻ በያዘች ልጅ ላይ ጠቀሰው። ለተገፋ የተሰጠ መጠለያ ለገፊው ዱላ ሲሆን ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያሻል?

«ዳዊትስ ሳኦልን አልነካም» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ አልገደለውም። ነገር ግን በ1ኛ ሳሙኤል 24 ዳዊት ከዋሻው ከወጣ በኋላ ምን እንዳደረገ አንብቡ፤ በንጉሡ ጭፍሮች ፊት ጮኾ፣ የቈረጠውን የልብሱን ዘርፍ እያሳየ፣ በእኔና በአንተ መካከል እግዚአብሔር ይፍረድ አለው። የተቀባውን አለመግደል አንድ ነገር ነው፤ ስለ ግፉ አለመጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ኋላም ዳዊት ራሱ ቅቡዕ ንጉሥ ሳለ ናታን ፊት ለፊት ገሠጸው፤ ዳዊትም «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ እንጂ ነቢዩን ከቤተ መንግሥት አላስወጣውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ልጅቱ የጠቀሰችው ምዕራፍ መልሱን በራሱ የያዘ መሆኑ ነው። በዘዳግም 18፥21 ሕጉ አስቀድሞ ጥያቄውን በሕዝቡ አፍ ያኖረዋል፤ እግዚአብሔር ያልተናገረውን ቃል በምን አውቃለሁ ብትል፣ ይላል። ጠያቂውን እንደ ከሓዲ አይቈጥረውም፤ ጥያቄው እንደሚመጣ ያውቃል፣ ይጠብቀዋልም። በቀጣዩ ቍጥር የሚሰጠው መልስ ነቢዩን የሚያስጨንቅ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም የተናገረው ነገር ባይሆን፣ ያ ነገር እግዚአብሔር ያልተናገረው ነው፤ ነቢዩ በድፍረት ተናግሮታል፤ አትፍራው። የሰሚዎቹ እምነት ጐድሎ እንደ ሆነ መርምሩ የሚል ነገር በዚያ ስፍራ የለም። አስተማሪያችን ይህን ምዕራፍ አያውቀውም ብዬ አላምንም።

ኢዮብንም ተመልከቱ። ልጆቹን የቀበረ ሰው አምላኩን በብርቱ ቃል ጠየቀ፤ ወዳጆቹ ደግሞ ለአምላክ ጠበቃ ሆነው ቆሙና ኀዘንተኛውን ኀጢአተኛ አደረጉት። በመጽሐፉ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በማን ላይ ነበር? በጠያቂው ላይ ሳይሆን በጠበቆቹ ላይ ነበር። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተባሉ፤ ይቅርታ ያገኙትም የወቀሱት ሰው ሲጸልይላቸው ነው።

ሥልጣን ከቤተ ክርስቲያን ይጥፋ አልልም። ለዋኖቻችሁ ታዘዙ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ያው የዕብራውያን መልእክት በዚያው ቍጥር ዋኖቹ ስለ ነፍሳችን ስሌት የሚሰጡ ናቸው ይላል። መልስ የማይሰጥ እረኛ በዚያ ጥቅስ ሊጠለል አይችልም። ዲዳኬ የተባለው እጅግ ጥንታዊ የክርስቲያኖች መመሪያም በነቢይ ላይ እንዳይቀለድ ያስጠነቅቃል፤ በመንፈስ የሚናገረውን አትፈትኑት ይላል። ነገር ግን በመንፈስ ተናገርሁ ያለ ሁሉ ነቢይ እንዳልሆነ፣ የሚታወቀውም በአካሄዱ እንደ ሆነ፣ ለራሱ ገንዘብ የሚጠይቅም ሐሰተኛ እንደ ሆነ ወዲያው ያክላል። የቀደሙት ክርስቲያኖች ነቢያትን የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ፤ የዋሆች ግን አልነበሩም።

ጠያቂ ሁሉ ቅን ነው ማለቴም አይደለም። ለመማር ሳይሆን ለማሳፈር የሚጠይቅ አለ፤ ጌታም እንደዚህ ያሉትን አግኝቷል። ነገር ግን በግብር ጉዳይ ሊያጠምዱት የመጡትን እንኳ ዲናር አምጡ ብሎ መለሰላቸው እንጂ «ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ታውቃላችሁ?» ብሎ አላባረራቸውም። ይህን ማለት የሚገባው አንድ ሰው ቢኖር እርሱ ነበረ።

ይህ ልማድ በአንዲት ልጅ ላይ ብቻ እንዳልቆመም ታውቃላችሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ቍጥር በአንዱ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ 66፣ በሌላው 73፣ በሌላው 81 የሆነው ለምንድር ነው፣ ማንስ ወሰነ ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ የተሰበሰቡት አባቶች ሥልጣናቸውን ከማን አገኙ የሚል ይመጣል። መልስ ያላቸው፣ ለዘመናት የተደከመባቸው ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ግን «አትፈላሰፍ» ብለን እንመልሰዋለን፤ ልጁም መልስ የለንም ብሎ ይሄዳል። ኋላም «ትውልዱ ከእምነት ሸሸ» ብለን ጾምና ጸሎት እናውጃለን። ማን እንዳባረረው አንጠይቅም።

እንግዲህ እናንተን አሜን ያላችሁትን እጠይቃችኋለሁ፦ አሜን ያላችሁት በምን ላይ ነበር? ብዙዎቻችሁ ልጅቱን ለመጕዳት እንዳላሰባችሁ አውቃለሁ። አሜን በሉ ሲባል አሜን ማለት ስለ ለመድን ነው፤ ጆሯችን ሳይሰማ አፋችን ይመልሳል። ነገር ግን አሜን እንደ ቀላል ቃል የሚወረወር አይደለም። በዘዳግም 27 ሕዝቡ በእያንዳንዱ እርግማን ላይ አሜን እንዲል ሲታዘዝ፣ ከእርግማኖቹ አንዱ በመጻተኛ፣ በድኻ አደግና በመበለት ላይ ፍርድን በሚያጣምም ላይ ነበር። የዚያች ልጅ እናት መበለት ናት። ከዚያ ቀን በኋላም ብቻዋን መምጣት አላቆመችም፤ ከእኛ ጋር ትዘምራለች፣ መሥዋዕቷንም ትሰጣለች። ልጄን የገደለው አለማመኔ ይሆን እያለች በሌሊት ራስዋን ብትመረምር ማን ያረጋጋታል? ያን ጥርጣሬ በልቧ የተከለው እኮ የእኛ ድምፅ ነው።

ደክሞኛል፤ አልደብቃችሁም። እንዲህ ያለ ተግሣጽ ሲነበብ ጥቂቶች ይቈጣሉ፣ ጥቂቶች ያለቅሳሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሁሉም ስፍራውን ይይዛል። ቢሆንም ተስፋ መቍረጥ አልቻልሁም፤ ቤተ ክርስቲያን መሪዋን በአደባባይ ገሥጻ ታውቃለችና። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ትቶ ባፈገፈገ ጊዜ ጳውሎስ በሁሉ ፊት ተቃወመው። ከሐዋርያት ዋና የሆነው ሰው ነበር የተገሠጸው፣ ያውም በስውር ሳይሆን በአደባባይ። በጴጥሮስ ስም በሚጠራው ሁለተኛው መልእክት ግን ያው ገሣጭ «የተወደደው ወንድማችን ጳውሎስ» ተብሎ ተጠርቷል። በቅባቴ ከተግሣጽ በላይ ነኝ የሚል አስተማሪ ካለ ከጴጥሮስ የሚበልጥበትን ያሳየን።

ስለዚህ ሽማግሌዎች፣ ዘዳግም 18 በጉባኤው ፊት ይነበብ፤ አስተማሪውም ስለ ተናገረው ቃል ይመልስ። «በድፍረት ተናገርሁ፣ ይቅር በሉኝ» ቢል እኔ የመጀመሪያው አቃፊ እሆናለሁ፤ ያን ፈገግታም እረሳው ይሆናል። የቤቱ አለማመን ነው የተባለውም በዚያው መድረክ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ይሻር። የተነገረው በሕዝብ ፊት ነውና በጓዳ የሚደረግ እርቅ አይበቃውም።

ሽማግሌዎቹ እስኪወስኑ ግን እኛ አንጠብቅ። ወደ ልጅቱ ቤት እንሂድ። ጥቅስና ምክር ይዘን አንሂድ፤ ወደ ጉባኤ ተመለሺም አንበላት፤ ጥያቄሽ ትክክል ነበረ፣ ወንድምሽንም እናንተ አልገደላችሁትም እንበላት፤ እናቷም በዚያ ተቀምጣ ትስማ። በር ባይከፍቱልን መብታቸው ነው፤ ሌላ ቀን ደግመን እንሄዳለን።