እርማት፦ ፎቶዎቹ የተመሰጠሩ አይደሉም
«በዊንዶውስ 10 የመቆለፊያ ገጽ ላይ የሚቀያየሩት ፎቶዎች የተመሰጠሩ ስለሆኑ ያለ ልዩ ፕሮግራም አይወጡም» ብለሃል። ወንድሜ፣ ይህ ስህተት ነው፤ ብዙ ሰውም ይህን አምኖ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ይጭናል፤ እባክህ አንተ እንዳታደርገው። ፎቶዎቹ ተራ ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ናቸው፤ የጎደላቸው የስም ቅጥያ ብቻ ነው። ከስውሩ የአፕዳታ አቃፊ ሥር፣ «አሴትስ» በሚባለው ውስጥ፣ በረዥም የፊደልና የቁጥር ድርድር ተሰይመው ተቀምጠዋል። በመጠን ደርድራቸው፣ ትልልቆቹን ወደ ሌላ አቃፊ ቅዳ፣ በስማቸው መጨረሻ ነጥብና ጄ ፒ ጂ ጨምር። 1920 በ1080 ፒክሰል የሆነው ፎቶ ወለል ብሎ ይከፈታል። ትንንሾቹ የፕሮግራም ምልክቶች ናቸው፤ ተዋቸው። ከዚህ የላቀ ጥራት ያለው ደግሞ ጭራሽ አልተደበቀም፦ በሲ ድራይቭ፣ በዊንዶውስ አቃፊ፣ «ዌብ» ውስጥ «4ኬ»ን ብትከፍት የዊንዶውስን መነሻ ሥዕል በ3840 በ2160 ታገኘዋለህ።