የቱ ይሻላል?

የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «እቴቴ፣ የቱ ይሻላል?» ይለኛል። ሁለት ክብ አለ። ግራው አረንጓዴ ነው። ቀኙም አረንጓዴ ነው። እኔ ከንፈሬ ላይ ስፒል ነክሼ የደንበኛ ቀሚስ እየለካሁ ነው። በአገጬ ወደ ግራ ጠቆም ሳደርግለት «ለምን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ለምን! እንድገላገልህ ነዋ!

ልጁ አዲስ አበባ ዲዛይን ይማራል። ለክረምት ጅማ መጣና እዚሁ የከተማችን መርካቶ ባለችው ስፌት ቤቴ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ምን ትሠራለህ ሲባል «አቅጣጫዬን እየፈለግኩ ነው» ይላል። መምህራቸው «የሚስባችሁን ነገር አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ኑ» ብለዋቸዋል አሉ። የኛ ልጅ የሚስበው ነገር እንኳን በገጽ በደብተርም አያልቅ። ሰኞ ሎጎ ነበር። ማክሰኞ የመጽሐፍ ሽፋን ሆነ። ረቡዕ ወንበር መሥራት አማረው። ሐሙስ አኒሜሽን ካልተማርኩ ብሎ ምሳውን ተወ። ዓርብ መብራት ስለጠፋ ሁላችንም አረፍን።

የምወዳትን ተረት ያወጣሁት ያኔ ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።» ይቺን ተረት ከአባቴ ነው የወረስኳት፤ ከእሷ ሌላ ብዙም ያወረሰኝ ነገር የለም። የማትሆነው ቦታ የላትም። ጠበብ ይበልልኝ፣ ግን እንደ ልብ ያራምደኝ ለምትል ደንበኛ እሷን እላለሁ። ሁለት ዕቁብ ገብታ ለሁለቱም ከእኔ ለምትበደር ጎረቤቴ ብያታለሁ። አዌቱ ድልድይ ላይ በግራም በቀኝም ልለፍ ላለ ባጃጅም ጮክ ብዬ ብያለሁ። አልሰማኝም እንጂ ቦታዋን አግኝታ ነበር።

ልጁ ግን ሳቅ አለና የተቀመጠበትን በርጩማ መታ መታ አደረገው። «ይሄ ደግሞ ሦስት እግር አለው፤ የትም ሳይወጣ ስንቱን ተሸከመ» አለኝ። እናቱን ነው የወጣው። መልስ አያጣም።

በርጩማው የጅማ በርጩማ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። ስኖርበት ኖሬ ለምን ሦስት እግር እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ልጁ ነው የነገረኝ። ሦስት እግር መሬቱ ቢጎረብጥም ሁሉም ይረግጣል፤ አይንገዳገድም። አራት ሲሆን አንዱ ይንጠለጠላል። እውነቱን ነው። የኔ ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ካርቶን ታጥፎ ካልተወተፈለት ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም። «በቃ፣ አቅጣጫህ ይኸው!» አልኩት። «አባቶች የጨረሱት ነገር ላይ እኔ ምን ልጨምር?» አለኝ። ስፒሌን መልሼ ነከስኩ።

የሚያንገበግበኝ ግን ልጁ ሳይሆን መካሪው ነው። ልብስ ሊያስጠብብ የገባ ሁሉ ስልኩን አጮልቆ ያይና «ትንሽ ባህል ጨምርበት» ይላል። ባህል ማለት ጀበና ነው። ከጎኑ የቡና ፍሬ፣ ከላይ ሦስት መስመር ጭስ። ቡናችንን የሚንቅ የለም፤ ግን በዚህ አያያዛችን የጎማ ጥገና ቤት ሲከፈትም ጎማው ከጀበና ሊቀዳ ነው። ጀበና የማይሆን ከመሰላቸው ደግሞ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አድርግበት ይላሉ። አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማ ላይ የነገሡ ናቸው። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል። የእኚህን ሰው ቤት የጥፍር ስፋት አሳክለው ከረጢት ላይ ሊያትሙት! ደግሞ እኮ ከመካሪዎቹ ብዙዎቹ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጅሬን ኮረብታ ላይ ወጥተው አያውቁም። ልጁ በዝናብ ሄዶ የእንጨት ሥራውን በእርሳስ ሲስል ውሎ፣ በስብሶ ነው የመጣው። ባህል የሚጨመረው እንግዲህ በማን ላይ ነው?

ዲዛይን ከተነሳ አይቀር የታፔላዬን ነገር ልናገር። የሠራልኝን ቤት ስም አልጠራም። ገንዘቡን ሙሉውን አስቀድሞ ተቀበለ። ላይኛው መስመር ኦሮምኛ ነው፣ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል። ቁቤ ሲጻፍ ይረዝማል፤ አናባቢውም ተነባቢውም ይደገማላ። ሰውየው ይህን ሳያስብ ጀምሮት ኖሮ አማርኛው ጋ ሲደርስ ቦታ አለቀበት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንድ ፊደል ቀነሰ። «ልብስ ስፌት» የነበረው «ልብ ስፌት» ሆኖ ተሰቀለ። በማግስቱ አንድ አዛውንት መጥተው ካርድ የሚወጣው የት ነው ብለው ጠየቁኝ። ሄጄ ስጮህበት «እትዬ፣ ሰው ይገባዋል» አለኝ። ሰው ምን ይገባዋል? ብሬን መልስ ስለው ቀለም ተወዷል አለ። ቀለሙን ደግሞ የጅማ ዝናብ ያጥበዋል ብዬ ነበር፤ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። የተሳካለት ሥራ ቢኖር ይሄ ነው።

ይህን ታሪክ ለልጁ ስነግረው በመሳቅ ፈንታ ወጥቶ ታፔላውን ያይ ጀመር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው አለኝ። አማርኛው የተጻፈበት የፊደል ዓይነት ኒያላ ይባላል፤ ዊንዶውስ ቪስታ ከሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር የመጣ ነው። መንገዱን ይዘን ስንሄድ ፋርማሲው ኒያላ፣ ሥጋ ቤቱ ኒያላ፣ ፀጉር ቤቱም ኒያላ። የኛ ፊደል የላቲኑን ዓይነት ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ታፔላ ላይ ሲሰለፉ አንዱ ወፍሮ ሌላው ከስቶ ይታያል። እንዳይሆን ማመጣጠን ራሱን የቻለ ሥራ ነው አለኝ። ያን ቀን ስለ አኒሜሽን አላነሳም። በማግስቱም አላነሳም።

የ«የቱ ይሻላል» ነገር? እሱማ አለ። አሁን ሁለት «ስ» ነው የሚያሳየኝ። ግራው ጥሩ ነው እላለሁ።

እንግዲያው አዲስ ታፔላ ሥራልኝ አልኩት። ደስ ብሎት ተነሳና «ግማሹን ቀብድ» አለኝ። አክስትህ ነኝ ብለው፣ ራሴ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን «ያለ ቀብድ ሥራ አንቀበልም» የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። ቀጥሎም የወረቀቱ ጽሑፍ አስቀያሚ ነው፣ እሱም ለብቻው ይታሰባል አለ። ለእናቱ ደውያለሁ።