በክረምት በር የሚዘጋባቸው ልጆች

እኔ በምኖርበት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቦሌ አራብሳ፣ ሐምሌ ሲገባ ምድሩ ይከፈታል፤ የቤቱ በር ደግሞ በልጆች ላይ ይዘጋል። በበጋው አቧራ ብቻ የነበረው የብሎኮቹ ዙሪያ ሣር ለብሶ፣ ጢንዚዛውና ቀንድ አውጣው ከየተደበቀበት በሚወጣበት ወቅት፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች «ብርድ ይመታሃል»፣ «ጭቃ ነው» እየተባሉ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። ይህ ልማድ ከልጆቻችን የዓመቱን ምርጥ ትምህርት እየነጠቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ዓመት ልጄ ከአጸደ ሕፃናት ቀለም የቀባችበት ወረቀት ይዛ መጣች። ርእሱ «ክረምት» ይላል፤ ሥዕሉ ግን ቅጠሉ የረገፈ ዛፍና ኮፍያ የደፋ የበረዶ ሰው ነበር። በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀው የእኛ ክረምት ምድሪቱ የምትለመልምበት እንጂ የምትራቆትበት ጊዜ አይደለም። የሌላውን አገር የብርድ ወራት በዚህ ስም ስለጠራነው ብቻ፣ ሕፃኑ በመስኮት ከሚያየው አረንጓዴ ይልቅ አይቶት የማያውቀውን በረዶ ክረምት ነው ብሎ ይማራል። የብርዱ ነገርማ ያስገርማል፤ በአዲስ አበባ ሌሊቱ ይበልጥ የሚቀዘቅዘው ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሆኖ ሳለ፣ ያን ጊዜ ልጆቹን የሚከለክላቸው የለም። ጉንፋንም ቢሆን የሚመጣው በቫይረስ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በታፈነ ክፍል ተሰብስቦ ሲውል ይበልጥ ይዛመታል።

ለማየትና ለመዳሰስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ረፋዱ ላይ ግማሽ ሰዓት ማግኘት አያዳግትም። እኛ የጀመርነው ጫማ ላይ እየተለጠፈ ከሚያስመርረን ከዚሁ ከዋልካው ነው። ልጄ በግንቦት እጇን እስክታስገባበት ድረስ ተሰነጣጥቆ ያየችው መሬት አሁን ለምን ስንጥቁ እንደጠፋ ጠየቀችኝ፤ ጥቁሩ አፈር ውኃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደሚኮማተር ለማሳየት ሁለት እፍኝ አፈር በሁለት ጣሳ አድርገን አንዱን አረጠብን። ቀንድ አውጣው በደረቁ ወራት ሰውነቱ እንዳይደርቅ ቅርፊቱ ውስጥ ይሸሸጋል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይወጣል። በመስታወት ላይ አስቀምጦ ከሥር ሆኖ ሲያዩት፣ ያለ እግር እንዴት እንደሚሄድ ልጅ በገዛ ዓይኑ ይረዳል። ነጎድጓድ የሚያስፈራት ልጄ አሁን ከመስኮቱ ሆና መብረቁን ካየች በኋላ ትቆጥራለች፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ዘጠኝ ስትደርስ ከጮኸ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቋል ማለት ነው። ፍርሃቷ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ መቁጠሩን ግን ወዳዋለች።

የወላጆች ሥጋት መሠረት የለውም አልልም። በየግንባታው የተቆፈሩ ጉድጓዶች በክረምት ውኃ ይሞላሉ፤ ጥልቀታቸው ስለማይታወቅ ሕፃናት ሰጥመው ይሞታሉ። ስለዚህ ትልቅ ሰው አብሮ ሊኖር ይገባል። አፈር ላይ በባዶ እግር አለመሄድና ሲመለሱ እጅን በሳሙና መታጠብም ከወስፋትና ከመሰል ጥገኛ ትሎች ይጠብቃል። ሲያስገመግም ደግሞ ቤት መግባት እንጂ ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም፤ እንጉዳይም ቢሆን ይታያል እንጂ አይቀመስም። ይህ ሁሉ አብሮ ለመውጣት እንጂ በር ለመቆለፍ ምክንያት አይሆንም።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የሕፃናቱ የክረምት ትምህርት ነው። ዓመቱን ሙሉ ፊደልና ቁጥር ሲጽፍ የከረመ የአምስት ዓመት ልጅ፣ እረፍት በተባሉት ሁለት ወራት እንደገና ደብተር ይዞ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ወላጆች የሚያውሉበት ቦታ ስለሚያጡ እንደሚልኩት አውቃለሁ፤ እንደ እኔ ግን እነዚያ ማስተማሪያ ቤቶች ቢያንስ ከግቢያቸው ጥግ አንድ የአትክልት መደብ ለልጆቹ ቢተዉላቸው የወላጅ ገንዘብ በከንቱ አይወጣም ነበር።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚባለውን ከያዝን፣ ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 13 ያለው ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። እኛ አምና በሐምሌ መጀመሪያ፣ ገበሬው ባቄላ በሚዘራበት ወቅት፣ ከላይ በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ አምስት ፍሬ ባቄላ ዘራን፤ ከሥሩ ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አበጀንለት። ልጄ አንዱን ፍሬ ሞቷል እንዴ ብላ በአራተኛው ቀን ቆፍራ አወጣችው፤ ነጭ ሥር ጀምሮ ነበርና ደንግጣ መልሳ ቀበረችው። የቡሄ ዕለት፣ የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በር ሲያንኳኩ፣ እሷ ሙልሙል ከመስጠቷ በፊት አንድ በአንድ ወደ ጄሪካኑ ወሰደቻቸው።