ሰማኸው?

ማክሰኞ ጠዋት ፀጉሬን ልስተካከል ገባሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሃያ ዓመት የማውቀው ፀጉር አስተካካይ ነው። ፎጣውን አንገቴ ላይ ሳያስር «ሰማኸው?» አለኝ። ምኑን አላለም። ተራ የሚጠብቀውም፣ በር ላይ ጫማ የሚጠርገው ልጅም ምኑን እንደሆነ ያውቃሉ። የልጅቷ የመጀመሪያ አልበም ነዋ። ስሟን አልጠራም፤ በቂ ሰው እየጠራላት ነው።

«አልሰማሁም» አልኩት። መቀሱ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። መርዶ ያልተነገረው ሰው የሚታይበት ዓይን አለ አይደል? በዚያ ዓይን።

«አንተስ ሰማኸው?»

«ኧረ እኔ ገና ነኝ፣ ዳታ አልሞላሁም። ግን አንደኛ ነው!»

እኔን የሚያበግነኝ እንግዲህ ይኼ ነው። አልበሙ ሳይወጣ ስንት ወር ሲሞገስ ከረመ። ባጃጆቹ ጀርባ ላይ ፎቶዋ ተለጠፈ። «10 ቀን ቀረው»፣ «3 ቀን ቀረው» እየተባለ እንደ ፍልሰታ ፍቺ ተቆጠረ። ሲወጣ ደግሞ የሰማውም ያልሰማውም እኩል ያጨበጭባል፣ ያልሰማው እንዲያውም ይብሳል። ይህን ለእህቴ ልጅ ሳማርር «ጋሼ፣ አንተስ ሳትሰማ አይደል እንዴ የምታጣጥለው?» አለችኝ። ቡና እየጠጣሁ ነበር። ትንሽ ትን አለኝ።

የእኔ ይለያል። እኔ ልምድ አለኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከአበው ተረቶች ሁሉ ይህችን የሚያህል አልወድም። ሁለት ቃል ናት፣ ግን ሙሉ የሕግ መጽሐፍ ታህላለች። የረሳኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጎጃም ተወልጄ፣ በማር አገር አድጌ፣ ስኳር የበዛበት ማር ገዝቼ ቤት ገባሁ። ሻጩ ወለላ ነው ብሎ በታቦት ምሎልኛል። ባለቤቴ በጣቷ ቀመሰችና ምንም ሳትናገር ለሻይ አደረገችው። እስካሁን ማር ልገዛ ስወጣ አብራኝ ትነሳለች።

ደግሞ ሳይሰሙ ማድነቅ የእኛ አገር ባህል አልነበረም። ዋሸራን ያህል የቅኔ አገር ይዘን! ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ። ከተበላሸ ያቀናሉ፤ ካልሆነም ያፈርሱታል። ከቅኔ ሁሉ የምታጥረው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ለሁለት ቤት እንኳ ቅኔው ሳይሰማ «ይበል!» ያለ ሰው አላውቅም። እኛ ግን ለ13 ዘፈን፣ ዳታ ሳንሞላ፣ ይበል ብለን ቁጭ።

ካሴት ሳለ እንዲህ አልነበረም ልል ነበር። ግን ካሴት ሲነሳ ሌላ ቁስል አለብኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ከደሞዜ ቆርጬ አንድ ካሴት ገዛሁ። የ60 ደቂቃ፣ ሠላሳ በዚህ ሠላሳ በዚያ። ባትሪ ለመቆጠብ በቢክ እስክሪብቶ ነበር የማጠነጥነው። ሰው እንዳይቀዳበት ብዬ ከላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሰበርኩ። የሚስቴ ወንድም፣ ያኔ ገና አማቼ አልሆነም፣ «ለአንድ ሌሊት» ብሎ ወሰደው። በሦስተኛው ሳምንት መለሰው። ቀዳዳዎቹ በፕላስተር ተደፍነዋል። የአጎቱን ልጅ ሠርግ ቀድቶበታል! ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ፣ ሳክስፎኑ ልብ ሊያጠፋ ሲል፣ ይቋረጥና አንድ ሰውዬ «ኧረ ወጡን አቅርቡ!» ይላል። እስከ ዛሬ ያ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ወጡን እጠብቃለሁ።

ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። «ሠርጉ ግን ደስ አይልም?» ነው ያለኝ። እውነቴን ነው፣ ይህን ስጽፍ ራሱ ደሜ ይፈላል። የሰው ንብረት ነው! እህቱን ያገባሁት በሱ ምክንያት ሳይሆን እሱ እያለም ነው።

ወደ አልበሙ። ሐሙስ ለጉዳይ ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ተነሳሁ። ቡሬ ላይ አንዲት ሴት ጆንያ ሙሉ በርበሬ ጭና ገባች፤ የቡሬ በርበሬ ደግሞ ታስሮም አያርፍም፣ ሁላችንም በየተራ ማስነጠስ ጀመርን። ሾፌሩ ማስነጠሱን ሊሸፍን መሰለኝ ፍላሹን ሰካ። ልጅቷ መጣች። መውረድ አይቻል፣ ሒሳብ ከፍያለሁ።

የመጀመሪያው ዘፈን ከበሮው በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ድምፅዋን ማሽን አልሶታል። «አላልኩም?» አልኩ ለራሴ፣ በጣም ደስ ብሎኝ። ሁለተኛው ሆዴ፣ ዓይኔ፣ ጥርሴ ነው፤ አንድ ሰውነት ተቆጥሮ አለቀ።

ቲሊሊ ስንደርስ ግን ሁሉም ነገር ጸጥ አለና አንድ ማሲንቆ ብቻ ቀረ። ቅኝቱ አንቺሆዬ ነው፣ ያለ ጥርጥር። ማሽን የለ፣ ምን የለ፣ ልጅቷ ስትተነፍስ ሁሉ ይሰማል። ቆይ፣ ቆይ፣ አልኩ። ግጥሙ ውስጥ ደጋግማ የምትላት አንዲት ቃል አለች፦ ይቅር። ጥሏት ስለሄደ ሰው ነው የምትለው። ምሕረት ማድረጓ ነው ወይስ በዚያው በሄደበት ይቅር ማለቷ? ቲሊሊ ላይ ምሕረት መሰለኝ። እንጅባራ ጉም ውስጥ ስንገባ እርግማን መሰለኝ። ኅብረ ቃል ናት እኮ! የኔታ ቢሰሟት አያፈርሷትም ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ መስፈሪያው ቀላል አይደለም። ጂጂ፣ እጅጋየሁ ሽባባው፣ የቻግኒ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ በወጣው አልበም ላይ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር፣ የአሜሪካ ጃዝ አንጋፋዎች፣ አብረዋት ተጫውተዋል። ከእሷ በኋላ ስለ ዓባይ መዝፈን የፈለገ መጀመሪያ ከቻግኒ ፈቃድ ያምጣ ባይ ነኝ። ይህችኛዋ ዓባይን አንድም ጊዜ አልጠራችም። ለዚህ ብቻ ግማሽ ነጥብ ጨመርኩላት።

ዘጠነኛው ላይ አንድ ጎረምሳ እየተጣደፈ ያወራል፤ ምን እንደሚቸኩል አልገባኝም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱም ይረዝማሉ። ሌላው፣ እንግዲህ ምን ልበል፣ ጥሩ ነው። ከጥሩም በላይ ነው። ዳንግላ ስንገባ አለቀ። ረዳቱ ፊቴን አይቶ «ጋሼ፣ ሦስተኛውን ልድገምልዎት?» አለኝ። «እንደፈለግህ» አልኩት፣ በመስኮት እያየሁ። በርበሬው ዓይኔን እያቃጠለኝ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩን ቅዳሜ አገኘሁት። አሁንም ዳታ አልሞላም። አሁንም አንደኛ ነው።

እሑድ አማቼ ደወለ። «ሰማኸው?» አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት። «እስቲ በቴሌግራም ላክልኛ!»

«ካሴቴስ?»

ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም? በቃ ይቅር በለኝ!»

«ይቅር» አልኩት።

አልበሙን እስካሁን አልላክሁለትም።