ትምህርት ቤት መዝጋትም አደጋ አለው

መጋቢት 2012 ኮሮና አገር ገባ በተባለ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያኔ ልክ ነበር። በሽታውን ገና ማንም አላወቀውም። ግን ለ15 ቀን የተባለው መዘጋት ሰባት ወር ያህል ፈጀ።

ያን ክረምት ቢቸና አካባቢ ቤተሰብ ዘንድ ነበርኩ። ቅዳሜ ገበያው ግጥም ብሎ ይውላል። በግ ሻጩም ጤፍ ሸማቹም ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋል። ከገበያው ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ግን ተቆልፏል። ግቢው ሣር በቅሎበት ጥጃ ታስሮበታል። የተዘጋው ልጆቹን ለመጠበቅ ነበር። ልጆቹስ የት ናቸው? ገበያው መሀል፣ እናታቸው ጉያ ሥር።

ወረርሽኝ ሲመጣ «ትምህርት ቤት ቢከፈት ምን ይደርሳል?» ብለን እንጠይቃለን። መጠየቁ ተገቢ ነው። «ተዘግቶ ቢከርምስ?» የሚለውን ግን በዚያው ሚዛን አናስቀምጠውም።

ትምህርት ቤቱ የተዘጋው ፋሲካ ሲቃረብ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እኛ ዘንድ የሰርግ ወቅት ነው። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች መዳርን ይከለክላል፤ ያለዕድሜ ጋብቻ ግን ጎጃም ውስጥ አልጠፋም። በደህናው ጊዜ አንዲት ልጅ «ሊድሩኝ ነው» ብላ የምትናገረው ለመምህሯ ነው። መምህሯ ለርዕሰ መምህሩ፣ እሱ ለወረዳው ያሳውቃል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይህም መንገድ ተዘጋ። ጎረቤታችን የነበረች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግንቦት ላይ ተዳረች። ጥቅምት 2013 ትምህርት ሲጀመር ስሟ መዝገቡ ላይ ነበር፤ እሷ ግን አልነበረችም። በየቀኑ በቴሌቪዥን በሚነገረው የተያዙና የሞቱ ሰዎች ቁጥር ውስጥ እሷ አልተቆጠረችም። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

(ሰባት ወር ረዘመ ስል፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ከትምህርት ገበታ የራቁትን የጎጃም ልጆች ረስቼ አይደለም። የእነሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

በወረርሽኝ ጊዜ ትምህርት ቤት መከፈቱን የሚፈሩትን ሰዎች ፍርሃት አላቃልልም። ስኳር ያለበት መምህር 60 ልጅ ፊት ሲቆም ቢፈራ እውነቱን ነው። ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩትንም አስቡ። አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ውስጥ ያድራሉ። ዓርብ በእግራቸው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ እሁድ እንጀራና በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ተሸክመው ይመለሳሉ። በሽታ ቢኖር አያቶች ጋ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ በሽታው በበረታበት ሳምንት ልጆቹ ከተማ ይቆዩና ስንቁ በገበያተኛ ይላክላቸው። መምህሩን ደግሞ ክፍሉን ከፍሎ በፈረቃ ማስተማር ይጠቅመዋል። ይህ ሁሉ በር ሳይዘጋ የሚሆን ነው።

ለሁሉም በሽታ አንድ መልስ የለም። ኮሮና በአብዛኛው የሚጎዳው አረጋውያንን ነበር፤ ልጆች ላይ ባብዛኛው ቀለል ይል ነበር። በ1911 የገባው የኅዳር በሽታ ግን ጎልማሳውን ነው ያጨደው። ዛሬም ኅዳር 12 ሲታጠን የምናስታውሰው እሱን ነው። ኩፍኝ ደግሞ ሕፃናትን ይይዛል። ልጆችን ነጥሎ የሚገድል ወረርሽኝ ከመጣ ያለማመንታት ይዘጋ እላለሁ። ግን መጀመሪያ ማንን እንደሚጎዳ ይጠና፤ ከዚያ በየወረዳው ይወሰን። በ2013 ሲከፈት ከገጠሩ መጀመሩን የወደድኩት ለዚህ ነው።

የከፋው ችግር የውሃው ነበር። ያኔ ለመክፈት ከተቀመጡት ግዴታዎች አንዱ እጅ መታጠብ ነበር። እኔ ባየሁት ትምህርት ቤት ደግሞ ቧንቧ አልነበረም። ልጆቹ ከምንጭ በጀሪካን እየቀዱ ይመጡ ነበር፤ ሳሙናውም በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። የክፍሎቹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። የጎጃም ክረምት ደግሞ ለዝናብ አይታማም። አሸንዳ ተገጥሞ ውሃው ሮቶ ውስጥ ቢጠራቀም ለእጅ መታጠቢያ ያግዛል። የወላጅ ኮሚቴዎች ይህን ሥራ ክረምቱ ሳይገባ ቢጀምሩት ደስ ይለኛል።