‹‹ራን›› የምትባል ቃል አንገበገበችኝ

ዛሬስ ልናገር ነው። ሰሞኑን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነው፣ ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

‹‹ራን›› (run) የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ምን ማለት ናት ብትሉኝ ገና አራተኛ ክፍል እያለሁ እመልስላችሁ ነበር። ሮጠ። አለቀ። መምህራችን ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ መሀል ላይ እኩል ይሆናል ምልክት። ገለበጥን፣ ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ አስር ከአስር አገኘን። ደግሞ ለአበበ ቢቂላ አገር ልጅ ሩጫን ማን ያስረዳል?

ከዚያ አሜሪካ መጣሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ የመንከባከብ ሥራ ያዝኩ፣ እዚህ ብዙ አበሻ ያለበት ሥራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ነርሷ ደወለችና ‹‹ኢዝ ሺ ራኒንግ ኤ ፊቨር?›› አለችኝ። የምንከባከባቸው እናት 86 ዓመታቸው ነው። ያለ መደገፊያ ከአልጋቸው መጸዳጃ ቤት አይደርሱም። ከዚያ ሁሉ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ የያዘው ‹‹ራኒንግ››ን ብቻ ነው፤ ‹‹ኧረ እሳቸው አይችሉም›› አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ለሕፃን እንደሚወራ ቃሉን እየቆራረጠች ትኩሳት አላቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፊቨርን እኮ አውቀዋለሁ! ትኩሳት ‹‹ይሮጣል›› ብሎ ያስተማረኝ ሰው ነው የጠፋው።

ይሄ ይሁን፣ አልፏል። ያንገበገበኝ የገናው ነው። ለበዓሉ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተራ መቀያየር ፈለግኩ። አለቃዬ ቀደም ብላ ‹‹ሺፍት መቀየር ከፈለግሽ ራን ኢት ባይ ሚ›› ብላኛለች። እኔ የገባኝ ‹‹ቶሎ አድርሺልኝ›› የሚል ነው። ስለዚህ ከልጅቷ ጋር ተስማማን፣ ወረቀቱን ሞላን፣ ሁለታችንም ፈረምን፣ እኔም በዚያ ብርድ ሁለት አውቶብስ ቀይሬ በዕለቱ ቢሮ አደረስኩ። ፈጥኜ ያደረስኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። አንድ ገጽ ነው፣ ታች ላይ የፊርማ ቦታ አለው፣ ‹‹መመሪያ አልተከተለችም›› ይላል። ለካ ‹‹ራን ኢት ባይ ሚ›› ማለት ‹‹ከመወሰንሽ በፊት አማክሪኝ›› ማለት ነው! እኔ ቃሏን ለማክበር ስሮጥ ዋልኩ፣ እሷ ደግሞ የናቅኋት መሰላት። ፈረምኩና ወጣሁ፣ አውቶብስ ውስጥ አለቀስኩ።

ማታ ቁጭ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ይቺን አንድ ቃል ብቻ ሲሠራ ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። በግስነቷ ብቻ 645 ትርጉም አግኝቶላታል። ስድስት መቶ አርባ አምስት! ቀድሞ በትርጉም ብዛት የምትታወቀው ‹‹ሴት›› (set) የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ነበረች፤ እሷ በ1989ኙ እትም 430 አካባቢ ነበራት፣ ራን በለጠቻት። እንግዲህ የእንግሊዞቹ ሊቅ ዘጠኝ ወር የለፋባትን ቃል እኔ በአንድ እኩል ይሆናል ምልክት ነው የተማርኳት።

አሁን ስሰማ ቀኑን ሙሉ እሷው ናት። ንፍጥ ይሮጣል። እቃ ማጠቢያውን ያስሮጡታል። መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ንቅንቅ ሳይል፣ ሞተሩ ስላልጠፋ ብቻ እየሮጠ ነው ይሉታል። ወተት ሲያልቅም እሷ ናት፣ ሰው መንገድ ላይ ድንገት ሲገናኝም እሷ ናት። የእግር ሹራብ ሲተረተር እንኳ እሷ ናት። ለምርጫ የሚወዳደር ሰው አሜሪካ ውስጥ ይሮጣል፣ እንግሊዝ አገር ግን ለዚያው ነገር ‹‹ይቆማል›› ነው የሚሉት። መሮጥና መቆም አንድ ሲሆኑ ሰው ምን ይያዝ?

እውነቱን ለመናገር እኛም ጋ አለ። ቤት ገባ፣ ክረምት ገባ፣ ቃል ገባ፣ ዕዳ ውስጥ ገባ፣ ነገሩ ገባኝ፣ ስጋት ገባኝ። እዚህ የተወለደችው ልጄ ‹‹ማሚ፣ ክረምት በየት በኩል ነው የሚገባው?›› ስትለኝ ነው የታየኝ። እኔ ግን ልጄን ሰነፍ ናት አላልኳትም። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት።

የኔ ብሶት ይሄ ነው። አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። ፎቶሲንተሲስን ከነሥዕሉ አስረዳለሁ። አለቃዬ ስለ ክሎሮፊል ብትጠይቀኝ አላፍርም። እሷ ግን አትጠይቀኝም፣ የምትመዝነኝ በሦስት ፊደል ቃል ነው። እሷን ሳጣት ‹‹እንግሊዝኛ አትችልም›› ተብሎ ፋይሌ ውስጥ ይገባል። አስተማሪዎቻችንም ቢሆኑ ከባድ ከባዱን ቃል እየመረጡ ሲያስሸመድዱን ‹‹ራን››ን፣ ‹‹ጌት››ን (get)፣ ‹‹ቴክ››ን (take) ቀላል ናቸው ብለው አለፏቸው። ከባዶቹ እነሱ ናቸው እኮ! ትልቁ ቃል አንድ ትርጉም ይዞ ቁጭ ብሏል፣ አንዴ ካወቅኸው አወቅኸው።

ደብተር ገዝቻለሁ። ‹‹ራን››ን በሰማሁ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ እጽፋለሁ፣ ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው። እኩል ይሆናል ምልክት የለበትም። እስከ ትናንት 37 ደርሻለሁ። ትናንት ያገኘኋት የእናትየው የጆሮ መስሚያ ባትሪ ሲደክም ‹‹ራን ዳውን›› መባሉ ናት፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ሳይስቁብኝ፣ ሁለቴ ደግመው።

እናንተስ በዚህች ቃል ምን ደርሶባችኋል? ከነሁኔታው ጻፉልኝ፣ ደብተሬ ላይ እጨምረዋለሁ።